ማቻን በቤት ውስጥ መርጦ ማዘጋጀት፦ ለጎጃም ደጋ የሚስማማ ዝርዝር መመሪያ

ቡና በጀበና ሲፈላ የምንጠጣው ውሃው ከዱቄቱ ያወጣውን ጣዕም ሲሆን አተላው ከጀበናው ሥር ይቀራል፤ የተለመደው ሻይም ቢሆን ቅጠሉ ተጠልሎ ይጣላል። ማቻ የተባለው፣ በጃፓን የታወቀው አረንጓዴ የሻይ ዱቄት፣ ከሁለቱም የሚለየው ቅጠሉ ራሱ ልሞ ተፈጭቶ፣ በውሃ ተመትቶ፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ ስለሚጠጣ ነው። የሚጠለል ነገር ስለሌለው ጉድለትን የሚደብቅበት መንገድም የለውም፤ ቅጠሉ ያረጀ ከሆነ እርጅናው፣ አፈጫጨቱ ሻካራ ከሆነ ሻካራነቱ፣ ከበርበሬ አጠገብ የከረመ ከሆነ የበርበሬው ሽታ ሳይቀር በቀጥታ ወደ አፍ ይገባል። ከግዢው ጀምሮ ዕቃውን አጥቦ እስከ ማድረቅ ድረስ ከዚህ በታች የተጻፈው ጥንቃቄ ሁሉ የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

እኔ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ማቻ ወደ እኛ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ወይም ከአዲስ አበባ በሚላክ ዕቃ ስለሆነ ቀምሶ የመግዛት ዕድል እምብዛም አይገኝም። የመጀመሪያው ማቻዬ ከአንድ ሱቅ የተገዛ ትልቅ ከረጢት ነበር፤ ስከፍተው ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ ዱቄት አገኘሁ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳነብም ከሁሉ በፊት የተዘረዘረው ስኳር፣ ቀጥሎ የወተት ዱቄት፣ ሻይ ደግሞ በሦስተኛ ደረጃ ነበር። ማቻን እንደማልወድ አድርጌ ለወራት የቆየሁት በዚያ ከረጢት ምክንያት ነው፤ ሌላ ሰው በዚያው መንገድ እንዳይርቅ ስል ይህን ጽፌያለሁ።

ጥራቱ የሚወሰነው የት ነው?

ማቻ የሚገኝበት ተክል በውሽውሽና በጉማሮ ከሚለማው ሻይ ጋር በዝርያ አንድ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው አያያዙ ነው። ቅጠሉ ከመለቀሙ በፊት ከ3 እስከ 4 ሳምንት ያህል ተክሉ በዳስ ይሸፈናል፤ ድሮ በሸምበቆና በጭድ፣ ዛሬ በአብዛኛው በጥቁር የፕላስቲክ ጨርቅ። ፀሐይ የበዛበት የሻይ ቅጠል ቲያኒን የተባለውን፣ ለስለስ ያለ ጣዕም የሚሰጠውን ንጥረ ነገር፣ ምሬት ወዳላቸው ካቴኪኖች ይለውጠዋል፤ በጥላ ሥር ያለው ቅጠል ግን ቲያኒኑን ይዞ ይቆያል፣ የጎደለውን ብርሃን ለማካካስም ክሎሮፊል የተባለውን አረንጓዴ ቀለሙን ያበዛል። የጥሩ ማቻ ደማቅ አረንጓዴነትና እንደ መረቅ ጥልቅ የሆነው ጣዕሙ ሁለቱም የዚህ ጥላ ውጤቶች ናቸው።

ምርጡ ለቀማ የፀደይ የመጀመሪያው ነው፤ በጃፓን ከሚያዝያ ወር አጋማሽ ጀምሮ ባሉት ሳምንታት ይካሄዳል። ቅጠሉ እንዳይጠቁር ወዲያውኑ በእንፋሎት ይታጠናል፣ ይደርቃል፣ ዘንጉና የቅጠሉ ጅማት ይለቀምለታል፤ በዚህ ደረጃ ላይ ቴንቻ ይባላል። ቴንቻው በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጭ ማቻ ይሆናል። ወፍጮው በሰዓት ከ30 እስከ 40 ግራም ብቻ ነው የሚሰጠው፤ አንድ ትንሽ ቆርቆሮ ማለት የአንድ ወፍጮ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው ማለት ነው። ለምን እንዲህ እንደሚዘገይ ለመረዳት ከወፍጮ ቤት የመጣ የጤፍ ጆንያ ላይ እጅዎን ያሳረፉበትን ጊዜ ያስታውሱ፤ ዱቄቱ በፍጥነት ስለተፈጨ ይግላል። ለጤፍ ያ ሙቀት ችግር የለውም፤ የማቻን መዓዛ ግን ያጠፋዋል።

ሻይ በዱቄት መልክ ተመትቶ የመጠጣቱ ልማድ የቻይና ነበር፤ ወደ ጃፓን የተሻገረው እ.ኤ.አ. በ1191 ከቻይና በተመለሰው ኤይሳይ በተባለ የቡድሃ መነኩሴ ስም ይታወሳል። ቻይና ዛሬም ማቻ ታመርታለች፤ ሆኖም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው የጃፓን ምርት መፈለግ አስተማማኝ ነው፤ የሚመረትበት ቦታ ስምም አብሮ ቢጻፍ ይመረጣል፦ በኪዮቶ አጠገብ ያለው ኡጂ፣ በአይቺ ያለው ኒሺዮ፣ በፉኩኦካ ያለው ያሜ ወይም ካጎሺማ።

ሲገዙ

ለሚልክልዎ ሰው ሦስት ነገር ይንገሩት። አንደኛ፣ በማሸጊያው ላይ የተዘረዘረው ይዘት አረንጓዴ ሻይ ወይም ማቻ ብቻ ይሁን፤ ስኳር፣ ወተት፣ ማጣፈጫ ያለበት ዱቄት የተዘጋጀ መጠጥ እንጂ ማቻ አይደለም። ሁለተኛ፣ ብርሃን በማያስገባ ቆርቆሮ ወይም በታሸገ የአሉሚኒየም ከረጢት ያለ፣ ከ20 እስከ 40 ግራም የሚመዝን ይሁን። ትልቅ ከረጢት ርካሽ ቢመስልም ሳያልቅ ያረጃል፤ አንድ ሰው በቀን አንድ ጊዜ ቢጠጣ 30 ግራም ለሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ሦስተኛ፣ የማብቂያ ቀኑ ሩቅ የሆነውን፣ የተፈጨበት ቀን ከተጻፈም የቅርቡን ይምረጥ።

«ሴሬሞኒያል» የሚለው ቃል ብዙዎችን ያታልላል። ለሥርዓተ ሻይ የሚሆን ለማለት የተጻፈ ቢሆንም ማን ሊጽፈው እንደሚችልና እንደማይችል የሚወስን ሕግ የለም፤ ማንኛውም ሻጭ በማንኛውም ዱቄት ላይ ሊለጥፈው ይችላል። ስለዚህ በቃሉ ሳይሆን በዓይን፣ በአፍንጫና በጣት መመርመር ይሻላል።

ቆርቆሮው ሲከፈት ቀለሙ የአዲስ ቡቃያ አረንጓዴ መሆን አለበት። ወደ ቢጫ፣ ወደ ቡኒ ወይም ወደ ወይራ ቅጠል ያደላ ከሆነ ቅጠሉ በቂ ጥላ አላገኘም፣ ዘግይቶ ተለቅሟል፣ ወይም አየርና ብርሃን አበላሽተውታል። ሽታውን ለመለየት ለእኛ ሰዎች ቀላል መለኪያ አለን፦ ጥሩው ማቻ ቡና ሲፈላ መሬት ላይ የተጎዘጎዘውን ትኩስ ቄጠማ ይሸታል፤ ያረጀው ደግሞ ድርቆሽ ይሸታል። ይህን ልዩነት አንድ ጊዜ ያሸተተ ሰው ሁለተኛ አይሳሳትም። ከዚያ ጥቂት ዱቄት ነጭ ወረቀት ላይ አድርገው በጣትዎ ይጎትቱት። በጥላ ያደገና በደንብ የላመ ዱቄት እንደ ኩል ለስልሶ፣ ሳይቆራረጥ ረጅም መስመር ያወጣል፤ ሻካራው ግን ቶሎ ይበታተናል፣ ጣትም ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል።

ዋጋን በተመለከተ የራሴ አስተያየት ይህ ነው፦ በውሃ ብቻ ለመጠጣት ከሆነ ባለው አቅም የተሻለውን በትንሽ መጠን ይግዙ፤ በወተት ወይም በኬክ ውስጥ ለማስገባት ከሆነ ግን መካከለኛው ይበቃል፣ እንዲያውም ለወተት ትንሽ መረር ያለው ይሻላል፣ አለበለዚያ ጣዕሙ ይዋጣል።

አቀማመጥ

የማቻ ጠላቶች ብርሃን፣ ሙቀት፣ አየር፣ እርጥበትና የሌላ ነገር ሽታ ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ በጎጃም ቤት ውስጥ በጣም የሚያስፈራው የመጨረሻው ነው። ማጀታችን በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርትና የተነጠረ ቅቤ የሞላበት ነው፤ ማቻ ደግሞ ሽታ ይስባል። ስለዚህ ከቅመም መደርደሪያ ይራቅ፣ ክዳኑም ጥርቅም ብሎ ይዘጋ። በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ ያለው ቅዝቃዜ ለተከፈተ ቆርቆሮ ይበቃል፤ ባሕር ዳር ግን ስለምትሞቅ ፍሪጅ ይመረጣል፣ ያውም ቆርቆሮው በሌላ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ተከቶ። ከፍሪጅ እንደወጣ ወዲያው እንዳይከፍቱት፤ ቀዝቃዛው ዱቄት የክፍሉን ጤዛ ይስባልና ተጓጉሎ ያገኙታል። ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ ያቆዩት። ከተከፈተ በኋላ በአንድ ወር፣ ቢበዛ በሁለት ወር ውስጥ ይጠጣ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሰፊና ጎድጓዳ ሳህን፣ ሥስ የሻይ ማጥለያ፣ የሻይ ማንኪያና መምቻ ይበቃሉ። ጃፓኖች የሚጠቀሙበት መምቻ ቻሴን የሚባል ከቀርከሃ የተሠራ ሲሆን በናራ አውራጃ ያለችው ታካያማ በዚህ ሥራ የታወቀች ናት። ቻሴን 80፣ 100 ወይም 120 ሥሥ ጥርሶች ያሉት ሆኖ ሁሉም የተሰነጠቁት ከአንድ የቀርከሃ ቁራጭ ነው። አንድ ጊዜ በእንጅባራ መንገድ ሳልፍ የቀርከሃ ወንበር ለሚሠሩ አንድ አባት አሳየኋቸው። ገለባበጡት፣ ጥርሶቹን በአውራ ጣታቸው ዳበሷቸውና «ይኸ ሳይገጣጠም ነው የተሠራ፤ አንጓው ነው የያዘው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ከእጀታው ላይ ያለው አንጓ ስንጥቁ ወደ ታች እንዳይወርድ ይገታዋል። እኔ ዕቃውን ስጠቀምበት ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር፣ አንጓውን ግን ልብ ብዬ አላየሁትም።

ቻሴን ከሌለ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የወተት አረፋ ማውጫ ጥሩ ምትክ ነው። እሱም ከሌለ ክዳኑ የሚገጥም ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ዱቄቱንና ለብ ያለውን ውሃ ጨምሮ መናጥ ይቻላል፤ የፈላ ውሃ ግን በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ፈጽሞ አይናጥ። ሹካ አረፋም አያወጣ፣ ጓሉንም አይሰብር፤ አልመክረውም።

ውሃው

የማቻ ውሃ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ በላይ ሲሆን ምሬቱንና አፍ የሚያደርቀውን ነገር በብዛት ያወጣል፣ መዓዛውንም ያባርራል። እዚህ ላይ የእኛ አገር ከፍታ ሊታሰብበት ይገባል። በባሕር ወለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከፍታ ሲጨምር ግን የአየሩ ጫና ስለሚቀንስ ውሃው ቶሎ ይፈላል። 1800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ባሕር ዳር ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ፣ ወደ 2450 ሜትር በምትጠጋው ደብረ ማርቆስ ደግሞ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈውን «አፍልተህ ይህን ያህል ደቂቃ ጠብቅ» የሚል ምክር እንዳለ ብንወስደው፣ በተለይ በክረምት ጠዋት፣ ውሃው ከሚፈለገው በታች ይቀዘቅዝብናል።

ቴርሞሜትር ለሌለው ሰው በስኒ መለካት ከሁሉ ይቀላል። ሦስት የቡና ስኒ የፈላ ውሃና አንድ ስኒ የክፍሉን ያህል የቀዘቀዘ፣ ለመጠጥ የተዘጋጀ ንጹሕ ውሃ ሲቀላቀሉ በእኛ ደጋ ወደ 75 ዲግሪ ይጠጋል። ይህን ስሌት ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ፤ ጊዜ ከመቁጠር ይልቅ ያስተማምናል። የቧንቧ ውሃ የክሎሪን ሽታ ካለው በሰፊ ዕቃ አድርገው ሳይከደን ያሳድሩት፤ ማሰሮ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ጨው የበዛበት ውሃ ደግሞ ጣዕሙን ስለሚያደነዝዘው በዚያ ፈንታ የታሸገ ውሃ ይሻላል።

አመታቱ

በቅድሚያ ሳህኑን በሙቅ ውሃ ይለቅልቁት፣ የቻሴኑንም ጥርሶች በዚያው ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል ይንከሯቸው። ደረቅ ቀርከሃ ተሰባሪ ነው፤ ሲርስ ግን ይለዝባል። ውሃውን ደፍተው ሳህኑን በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁት፤ እርጥበት ከቀረ ዱቄቱ ገና ሲገባ ይጣበቃል።

ቀጥሎ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም ወደ 2 ግራም የሚጠጋ ማቻ፣ በማጥለያው ላይ አድርገው በማንኪያው ጀርባ እየገፉ ሳህኑ ውስጥ ይንፉት። ይህን መንፋት የሚዘሉ ብዙ ናቸው። ነገር ግን የላመ ዱቄት እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ውሃ ሲነካውም ውጪው ይርስና ውስጡ ደረቅ ሆኖ የሚቀር ጓል ይፈጠራል፤ ያንን ጓል በኋላ በመምታት ብዛት ማጥፋት አይቻልም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ የሆኑ እናት ናቸው። ውሃውን በአንድ ጊዜ ገልብጬ ስታገል ቆመው አዩኝና «ልጄ፣ በሶ በጥብጠህ አታውቅም? መጀመሪያ በትንሽ ውሃ እሸው እንጂ» አሉኝ። ነገሩ በትክክል እንደ በሶ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የሚሆን ውሃ ብቻ ጠብ አድርገው ዱቄቱን በመምቻው ጫፍ ቀስ ብለው ይሹት፤ ጓል የሌለው፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ቀለም የወፈረ ልቁጥ እስኪሆን ድረስ። ከዚያ የቀረውን ውሃ ይጨምሩ። ጠቅላላው ከ60 እስከ 70 ሚሊ ሊትር ይሁን። የቡና ስኒዎች መጠን ስለሚለያይ የራስዎን ስኒ አንድ ጊዜ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለክተው ምልክቱን ያስታውሱ።

አሁን ይምቱት። ሳህኑን በግራ እጅ አጥብቀው ይያዙ፤ ክንድዎ ሳይሆን የእጅዎ አንጓ ይንቀሳቀስ። መምቻው የሳህኑን ወለል ሳይፍቅ ከወዲያ ወዲህ በፍጥነት ይመላለስ። እንደ ወጥ ማማሰያ ዙሪያውን ማዞር አየር ስለማያስገባ አረፋ አያወጣም። ከ15 እስከ 20 ሴኮንድ ሲሆን ትልልቅ አረፋዎች ይታያሉ፤ በዚያን ጊዜ መምቻውን ወደ ላይኛው ገጽ ከፍ አድርገው ዝግ ባለ እጅ አረፋዎቹን ያድቅቋቸው፣ በመጨረሻም ከመሐል ቀጥ አድርገው ያውጡት። ገጹ ላይ እንደ ወተት ግልፋፊ የደቀቀ አረፋ ከታየ በጥሩ ሁኔታ ተዘጋጅቷል። አረፋ የመብዛቱ ነገር ግን የግድ አይደለም፤ በጃፓን ካሉት የሥርዓተ ሻይ ወገኖች መካከል ኡራሴንኬ የተባለው አረፋ ሲያበዛ ኦሞቴሴንኬ የተባለው ያሳንሳል።

ወዲያው ይጠጡት። ዱቄቱ በውሃው ውስጥ ተንሳፎ እንጂ ሟሙቶ አይደለም፤ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ሥር ይይዛል። ሦስት አራት ጊዜ ተጎንጭተው ከሥሩ የቀረውን ሳህኑን ወዝወዝ አድርገው ይጨርሱት።

ጣዕሙ ከመረረ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የውሃው ሙቀት ነው፤ ውሃውን አቀዝቅዘው ሞክረው አሁንም ከመረረ ዱቄቱ ነው። ውሃ ውሃ ካለ ዱቄት ሳይጨምሩ ውሃውን ይቀንሱ። አረፋ እምቢ ካለ ሳህኑ ጠባብ ነው ወይም እጅዎ ይዘገያል፤ ዱቄቱ ያረጀም ሊሆን ይችላል።

ስኳር ስለመጨመር ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ጃፓኖች ጣፋጩን የሚበሉት ከሻዩ በፊት ነው፤ እኔም አንድ ማንኪያ የጎጃም ማር አስቀድሜ ቀምሼ ማቻውን ያለ ምንም ነገር እጠጣለሁ። የማሩ ጣፋጭነት አፍ ውስጥ ሳለ የሻዩ ምሬት በቦታው ይገባል፤ ማሩን ከውስጡ መበጥበጥ ግን ሁለቱንም ያደበዝዛል።

ሌሎች አዘገጃጀቶች

ኮይቻ የተባለው ወፍራሙ ዓይነት 4 ግራም ማቻ በ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ውሃ የሚታሽ እንጂ የማይመታ፣ እንደ ማር የሚንጠባጠብ ነው። በመካከለኛ ዱቄት የተሠራ ኮይቻ አይጠጣም፤ እጅግ ጥሩ ማቻ እስካላገኙ ድረስ ይተዉት።

በወተት ለመሥራት ከ2 እስከ 3 ግራም ማቻ በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ ከላይ በተጻፈው መንገድ ይመቱና 150 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት ይጨምሩበት። ከገበሬ የመጣ ጥሬ ወተት አስቀድሞ ይፍላ፣ ከዚያ ይብረድ። በጾም ወራት አጃ ጥሩ ምትክ ነው፤ አጃው በውሃ ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶ፣ በሻሽ ተጠልሎ ወተት መሰል ይሆናል፣ ሲሞቅ ግን ስለሚወፍር ለብ ብቻ ይደረግ። በባሕር ዳር ሙቀት ደግሞ ልቁጡን በለብ ውሃ ሠርቶ በቀዝቃዛ ውሃ ማቅጠን ያስደስታል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ምሬቱ በጣም ይቀንሳል።

ስለ ጤና ሊታወቅ የሚገባው

2 ግራም ማቻ ከ60 እስከ 70 ሚሊ ግራም የሚሆን ካፌይን ይዟል። ከቡናችን በተጨማሪ የሚጠጣ ሰው ይህን ይቁጠር፤ ከቀትር በኋላ መጠጣት እንቅልፍ ሊነሳ ይችላል። ነፍሰ ጡሮች በቀን ከ200 ሚሊ ግራም ካፌይን እንዳያልፉ በብዙ አገር ስለሚመከሩ ጠዋት ቡና የጠጡ እናቶች ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ ማቻ ባይጨምሩ መልካም ነው። ማቻ ቫይታሚን ኬ ስላለው ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰውም አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። እንደ ማንኛውም ሻይ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ስለሚያውክ ከእንጀራ ጋር ወይም ምግብ እንዳለቀ ሳይሆን ቢያንስ አንድ ሰዓት አሳልፈው ይጠጡት፤ የደም ማነስ ላለበት ሰው ይህ በተለይ አስፈላጊ ነው። ባዶ ሆድ የሚያቅለሸልሸው ሰውም አለ፤ እንዲህ ያለ ሰው ጥቂት ቆሎ ወይም ዳቦ ቢያስቀድም ይሻለዋል።

ሲጨርሱ ቻሴኑን በሳሙና እንዳያጥቡት፤ ቀርከሃው ሳሙናውን ጠጥቶ ለሚቀጥለው ሻይ ይመልሰዋል። ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ሳህኑ ውስጥ ጨምረው እንደሚመቱ ያህል ጥቂት ያመላልሱት፣ ውሃውን አራግፈው ከጥርሶቹ መካከል የቀረ አረንጓዴ ካለ በጣት ያስለቅቁ። ከዚያ ወደ መጣበት ቱቦ ሳይመልሱት አየር በሚያገኝበት ቦታ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው መስኮት አጠገብ፣ በእጀታው አቁመው ያሳድሩት፤ እርጥብ ሆኖ የተከደነ ቻሴን በክረምት በሁለት ቀን ውስጥ ይሻግታል።